ቴራፒስቷ ከልጄ ጋር ጌም ትጫወታለች፤ ይህ ሕክምና ነው?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ልጄ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ከሕፃንነቱ ጀምሮ አዲስ አበባ እናቴ ጋር ሲያድግ ቆይቶ ወደ አሜሪካ የመምጣት ጉዳዩ ሲያልቅ የዛሬ ሁለት ዓመት ወደ እኔና ወደ ባለቤቴ መጣ። እቤት በአማርኛ ያወራል፤ ትምህርት ቤት ግን አንድ ቃል ከአፉ አይወጣም። መምህሩ ሲጠራው ራሱን ብቻ ይነቀንቃል። ማታ ታብሌቱን ስወስድበት ደግሞ ይጮሃል፣ ዕቃ ይወረውራል። የትምህርት ቤቱ አማካሪ ወደ ጨዋታ ቴራፒስት ላከችን፤ በሳምንት አንድ ቀን እወስደዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ሰዓቱ ሲደርስ በሩ ተከፈተና ሁለቱም ጎን ለጎን ተቀምጠው ማይንክራፍት ሲጫወቱ አየሁ። እቤት ስንጣላበት የምንውለውን ጌም! ባለቤቴ ‹ጌም ለማጫወት ከሆነ እኛም ቤት ታብሌት አለ፤ ለምን እንከፍላለን?› ይለኛል። እውነት ይህ ሕክምና ነው? እቤትስ ልከልክለው ወይስ ልተወው?»

ምላሽ፦ እህቴ፣ ይህን ጥያቄ ራሷን ቴራፒስቷን ለመጠየቅ ሳያፍሩ አይቀርም፤ ነገር ግን ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ ነው። በአጭሩ ልመልስና ከዚያ ላብራራ። አዎ፣ በሠለጠነ ባለሙያ እጅ ሲሆን የቪዲዮ ጌም የልጆች ሕክምና መሣሪያ ይሆናል። ልጅዎን የሚረዳው ግን አጠገቡ ተቀምጣ የምታየው፣ የምትሰማውና ቃሏን መርጣ የምትናገረው ባለሙያ ናት፤ ጌሙ መገናኛቸው ነው። ባለቤትዎ ታብሌት እቤትም አለ ማለታቸው ልክ ነው። ክፍያው ለታብሌቱ ስላልሆነ፣ ሁለታችሁም ማየት ያለባችሁ እዚያ ክፍል ውስጥ ሰውየዋ የምትሠራውን ሥራ ነው።

ልጅ የደረሰበትን ነገር እንደ አዋቂ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አይተርክም። «ምን ሆነሃል?» ሲባል «ምንም» ይላል። እየዋሸ አይደለም፤ የሚሰማውን በቃል የሚያስቀምጥበት አቅም ገና አልጠናም። በጨዋታ ግን ያወጣዋል። ግቢ ውስጥ እቃቃ የሚጫወቱ ልጆችን ለጥቂት ጊዜ ተቀምጦ ያየ ሰው በየቤቱ የሚባለውን ሁሉ ይሰማል፦ «አባት» የሆነው ልጅ እንዴት ተቆጥቶ እንደሚገባ፣ «እናት» የሆነችው ምን ብላ እንደምትመልስ፣ «ሕፃኑ» መቼ እንደሚያለቅስ። ይህን ማንም አያስተምራቸውም፤ ያዩትንና የሚፈሩትን ነው የሚጫወቱት።

የሙያው ጀማሪዎች የተነሡት ከዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ሜላኒ ክላይን በርሊን ውስጥ ትናንሽ የእንጨት አሻንጉሊቶችን ለልጆች እያቀረበች ጨዋታቸውን ትከታተል ነበር። ማርጋሬት ሎወንፌልድ ደግሞ ለንደን ውስጥ አሸዋ የተሞላ ትሪ፣ ውኃ፣ ትናንሽ ሰዎችና ቤቶች፣ እንስሳትና ዛፎች አዘጋጅታ ልጆቹ የፈለጉትን እንዲሠሩበት አደረገች። ልጆቹ የሠሩትን ነገር «ዓለም» ይሉት ስለነበር ዘዴው በዚያው ስም ተጠራ። በ1940ዎቹ አሜሪካዊቷ ቨርጂኒያ አክስላይን እስከ ዛሬ የምንሠራበትን መሠረት አስቀመጠች፦ መንገዱን የሚመራው ልጁ ነው፣ ባለሙያው ይከተላል፤ አያቻኩልም፣ አይመራም፤ ወሰን የሚያበጀው የግድ ሲሆን ብቻ ነው። እነዚህ ሴቶች የተጠቀሙት በዘመናቸው የነበረ ልጅ እጁ የሚያውቀውን ነገር ነበር። የዛሬ የዘጠኝ ዓመት ልጅ እጅ የሚያውቀው ማይንክራፍትን ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ስዊድን ውስጥ ተጠናቆ የወጣው ይህ ጌም ውስጡ ሲታይ ከሎወንፌልድ የአሸዋ ትሪ ብዙም አይርቅም፦ ባዶ መሬት፣ ብሎክ፣ ውኃ፣ እንስሳት፤ ምን ልሥራበት የሚለውን የሚወስነው ልጁ ነው።

እዚያ ክፍል ውስጥ ምን እንደሚደረግ ቀረብ አድርጌ ላሳይዎ። የምነግርዎ ከብዙ ልጆች ጋር ካየሁት የተውጣጣ እንጂ የአንድ ልጅ ታሪክ አይደለም፤ የልጅ ምስጢር አደባባይ አይወጣም።

ልጁ ይገባል፤ አይናገርም። አዲስ ዓለም ይከፍትና ቤት መሥራት ይጀምራል። ድንጋይ በድንጋይ ላይ ይደረድራል፣ ግድግዳውን ያቆማል፣ ጣሪያውን ይደፍናል። በር የለውም፣ መስኮትም የለውም። ራሱን ውስጥ ዘግቶ ችቦ ይሰካል። እኛ አዋቂዎች ወዲያው የሚመጣልን «ለምን በር አልሠራህለትም?» ብሎ መጠየቅ ነው። ይህ ጥያቄ ልጁን ፈተና ላይ ያስቀምጠዋል፤ ትክክለኛ መልስ ፍለጋ ፊታችንን ማየት ይጀምራል። የሠለጠነ ቴራፒስት ያየውን ብቻ ይናገራል፦ «ዙሪያውን ሁሉ ዘጋኸው። አሁን ማንም ሊገባ አይችልም።» ከዚያ ዝም ይላል። ልጁ እየታየ መሆኑንና እየተነቀፈ አለመሆኑን በአንድ ጊዜ ይረዳል። ለብዙ ልጆች ይህ አዲስ ነገር ነው። ቀኑን ሙሉ ሲታረሙ ውለው ነው የሚመጡት፦ አነጋገራቸው፣ አቀማመጣቸው፣ አበላላቸው፣ እንግሊዝኛቸው፣ አማርኛቸው።

በሚቀጥለው ሳምንት ሲመጣ ቤቱ እዚያው ይጠብቀዋል። ይህን እንደ ቀላል ነገር አይዩት። የአሸዋ ትሪ ሰዓቱ ሲያልቅ ይፈርሳል፤ ይህ ዓለም ግን ይቀመጣል። በልጅነቱ አንድ ቤት፣ አንድ ግቢ፣ አንድ ሰፈርና አሳዳጊ አያቱን በአንድ ቀን በረራ ለተለየ ልጅ፣ ትቶት ሄዶ ሲመለስ የሚያገኘው ነገር መኖሩ ብዙ ይናገራል።

ሌላም አለ። ማይንክራፍት ውስጥ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት በእኛ ሰዓት 20 ደቂቃ ነው። ሲጨልም ጭራቆች ይወጣሉ። ሌሊቱን ለማሳለፍ አልጋ ሠርቶ መተኛት ይቻላል፤ ሁለት ሰው በአንድ ዓለም ውስጥ ሲጫወት ግን፣ ሕጉ ካልተቀየረ በቀር፣ ሁለቱም ካልተኙ አይነጋም። እንግዲህ አስቡት፦ የማይናገረው ልጅ ሌላውን ሰው እንዲተኛ ማድረግ አለበት። አንዱ ልጅ የባለሙያውን ክንድ ይጎትታል። አንዱ በጌሙ ውስጥ ባለው ሰውዬ አልጋው ላይ እየዘለለ ያሳያል። አንዱ ደግሞ ጭራቆቹ በር ላይ ሲደርሱ ሳያስበው በሹክሹክታ «ተኛ!» ይላል። ባለሙያው በዚህ ጊዜ አያጨበጭብም፣ «ተናገርክ እኮ!» አይልም። «እሺ፣ እተኛለሁ» ብሎ ይተኛል። ቃሉ ሥራውን ሠራ፤ ለልጁ የሚያስፈልገው ይኸው ነው። ጭብጨባው ለእንደ እርስዎ ልጅ ያለ ልጅ ማስፈራሪያ ነው፤ የሁሉም ዓይን እርሱ ላይ ሲያርፍ ነው ድምፁ የሚጠፋው።

ጎን ለጎን መቀመጣቸውን አይተዋል። የሁለቱም ዓይን ያለው ስክሪኑ ላይ ነው። በእኛ ባህል ልጅ አዋቂን ፊት ለፊት እያየ እንዲናገር አልተለማመደም፤ አንገቱን ሰበር ማድረጉ ጨዋነት ነው። ፊት ለፊት ተቀምጦ ስለ ስሜቱ እንዲናገር ሲጠየቅ ይጨነቃል። ጎን ለጎን ሲሆን ግን ማንም ማንንም አያይም፤ እጅ ሥራ ላይ ነው፤ ወሬው በጎን ይመጣል። በዚያ ላይ ልጁ አዋቂዋን ያስተምራታል። እንግሊዝኛው ስለሚቸግረው ቀኑን ሙሉ ኋላ የሚቀር ልጅ በሳምንት ለአንድ ሰዓት ያህል አዋቂ ነው፤ ብረት እንዴት እንደሚቀልጥ፣ ተኩላ በአጥንት እንዴት እንደሚላመድ እርሱ ያሳያል፣ እርሷ ትጠይቃለች።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ልጁ ሁለተኛ ቤት ሊሠራ ይችላል፤ ከመጀመሪያው በጣም ርቆ፣ ከባሕር ማዶ። በመካከላቸው የባቡር ሐዲድ ይዘረጋል። አልጋውን አንድ ቀን እዚህ፣ አንድ ቀን እዚያ ያደርጋል። በዚህ ጌም የተኙበት አልጋ ቢሞቱ የሚመለሱበት ቦታ ነው። ይህን የሚያይ ወላጅ «አያቱን ናፍቆ ነው» ብሎ ወዲያው ይፈታዋል። ሊሆን ይችላል። የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ ነውና፣ ልጁ ባቡር ስለሚወድ ብቻ አድርጎትም ይሆናል። ጥሩ ባለሙያ አይፈርድም፤ ነገሩ ሲደጋገም፣ ሲለወጥ፣ ከእንባ ወይም ከቁጣ ጋር ሲመጣ እያየ ይመዘግባል። ሥዕልም ሆነ ጌም አይተው በአንድ ቀን «ይህ ማለት ይህ ነው» የሚሉ ባለሙያዎችን እኔ አላምናቸውም።

ቁጣም ይመጣል። ልጁ ቴራፒስቷ የሠራችውን ቤት በፈንጂ ያፈነዳል፣ ትኩስ ላቫ ያፈስበታል፣ ይስቃል። እርስዎ ይህን ቢያዩ እንደሚያፍሩ አውቃለሁ፤ «ባለጌ ሆኗል» ይላሉ። እዚያ ግን ቁጣው እንዲመጣ ነው የሚፈለገው። ብሎክ ማፈንዳት ይቻላል፤ የጌሙን መቆጣጠሪያ ወደ ሰው መወርወር አይቻልም። ባለሙያዋ ስትከለክለው በሦስት እርምጃ ትሄዳለች፦ በመጀመሪያ ስሜቱን ትጠራለታለች («በጣም ተናደህብኛል»)፣ ቀጥላ ወሰኑን ትነግረዋለች («መቆጣጠሪያው ለመወርወር አይደለም»)፣ ከዚያ ሌላ መንገድ ታሳየዋለች («ግንቡን ማፍረስ ትችላለህ»)። ድምጿ አይጨምርም። ልጁ የሚማረው መናደድና ማጥፋት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ነው።

መዝጊያውም ራሱ ሥራ ነው። «አምስት ደቂቃ ቀረን፤ ምን ላይ ማቆም ትፈልጋለህ?» ትለዋለች። እቤት ከእርስዎ ጋር የሚጣላበት ቅጽበት ይህ ነው አይደል? እዚያ በየሳምንቱ ይለማመደዋል፦ የሚወደው ነገር ሲቆም ዓለም እንደማይፈርስ፣ ሲመለስ እንደሚያገኘው።

አሁን ስለ ልጅዎ ዝምታ ልናገር፤ እዚህ ላይ ቴራፒስቷም የምትጠየቀው ነገር አላት። አዲስ ቋንቋ ውስጥ የገባ ልጅ ለተወሰኑ ወራት ዝም ማለቱ የተለመደ ነው፤ እየሰማ ያጠራቅማል። ሁለት ዓመት ግን ከዚያ ይረዝማል። እቤት እንደ ልቡ እያወራ በአንድ ቦታ ብቻ ጨርሶ የማይናገር ልጅ ሲገጥመን፣ ቦታን መርጦ ድምፅን የሚዘጋ የጭንቀት ዓይነት ስለመኖሩ እንመረምራለን። ከሩቅ ሆኜ ልጅዎ ይህ አለበት አልልም፤ ያን የሚለው ያየው ሰው ነው። ካለበት ግን ልጁ የሚመራው ነፃ ጨዋታ ብቻውን አይበቃም የሚል ጽኑ አቋም አለኝ። ለዚህ ዓይነት ጭንቀት የተሻለ ማስረጃ ያለው ደረጃ በደረጃ መለማመድ ነው፦ ዛሬ በምልክት፣ ነገ በጽሑፍ፣ ከዚያ በሹክሹክታ፣ ከዚያ በድምፅ፣ በመጨረሻም ሌላ ሰው ባለበት።

ደስ የሚለው ነገር ጌሙ ለዚህ ደረጃ በጣም ይመቻል። ማይንክራፍት ውስጥ ጽሑፍ የሚጻፍበት የእንጨት ሰሌዳ አለ። የማይናገር ልጅ በመጀመሪያ እዚያ ላይ ይጽፋል፤ «አትግባ» ቢል እንኳ ሐሳቡን ለሌላ ሰው ማድረስ ጀምሯል። ቀጥሎ የጻፈውን እንዲያነብ ይጋበዛል። ቀጥሎ አንድ የክፍል ጓደኛው በፈቃድ ወደ ክፍለ ጊዜው ይመጣና ሦስቱም ድልድይ ይሠራሉ። ድልድዩ «አንተ እንጨት አምጣ፣ እኔ ድንጋይ አመጣለሁ» ሳይባባሉ አይሠራም። ከዚያ ነገሩ ወደ ትምህርት ቤቱ ግቢ ይሻገራል። ይህ እንዲሆን ቴራፒስቷ ከመምህሩና ከአማካሪዋ ጋር መነጋገር አለባት፤ ለመነጋገር ደግሞ የእርስዎን የጽሑፍ ፈቃድ ትፈልጋለች። ፈቃዱን ከጠየቀችዎ ሳይጠራጠሩ ይስጡ። ካልጠየቀችዎ እርስዎ ያንሡት።

ስለ ማስረጃ ባለቤትዎ እንደሚጠይቁ እገምታለሁ። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ አንድ ትልቅ ግምገማ በጨዋታ ሕክምና ላይ የተደረጉ 93 ጥናቶችን አንድ ላይ መርምሮ ሕክምናው ልጆችን በጉልህ እንደሚረዳ አሳይቷል። ወላጆች ራሳቸው ሠልጥነው ከልጃቸው ጋር ሲሳተፉ ውጤቱ ከፍ ብሎ ነበር፤ ይህን አስታውሱልኝ፣ እመለስበታለሁ። እነዚያ ጥናቶች በአብዛኛው በአሻንጉሊት፣ በሥዕልና በአሸዋ የተሠሩ ናቸው። የንግድ ጌሞችን በጨዋታ ሕክምና ክፍል ውስጥ ስለመጠቀም የተጻፈው ግን ከባለሙያዎች ልምድና ከጥቂት ልጆች ክትትል የተገኘ ነው፤ ገና ወጣት ዘርፍ ነው። ይህን የማይነግራችሁ ባለሙያ ከልክ በላይ እየሸጠ ነው።

ለሕክምና ተብለው የተሠሩ ጌሞች ጉዳይ ደግሞ ሌላ ነው፤ እነርሱ እንደ መድኃኒት ተፈትነዋል። ኒውዚላንድ ውስጥ የኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ስፓርክስ የተባለ ጌም ሠርተው ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 19 በሆነ 187 ወጣቶች ላይ ሞከሩት። ወጣቱ በሰባት ምዕራፎች አሉታዊ ሐሳቦችን እየተዋጋ ድባቴን መቋቋም ይማራል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ውጤት ጌሙ ከተለመደው የምክር አገልግሎት እንደማያንስ አሳየ። ካንሰር ለያዛቸው ወጣቶች የተሠራው ሪሚሽን የተባለ ጌምም አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ጥናት 375 ታማሚዎችን ይዞ ጌሙን የተጫወቱት መድኃኒታቸውን በተሻለ ሁኔታ እንደወሰዱ አሳይቷል። እዚሁ አሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደሩ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2020 ኢንዴቨር አርኤክስ የተባለውን ጌም ከ8 እስከ 12 ዓመት ለሆኑ የትኩረት ማነስ ችግር ላለባቸው ልጆች በሐኪም ትእዛዝ እንዲሰጥ ፈቀደ፤ ሲፈቅድ ግን ከሌላ ሕክምና ጋር ተደርቦ እንጂ ብቻውን እንዲቆም አይደለም። የልጅዎ ቴራፒስት የምትጠቀምበት ከዚህ ወገን አይደለም። የእርሷ ጌም እንደ አሻንጉሊት ነው፤ ዋጋው የሚታወቀው በአጠቃቀሟ ነው።

ጌም የማይሆንበት ጊዜም አለ። ለትንንሽ ልጆች አልመክረውም፤ የአራት ዓመት ልጅ ጭቃ፣ ውኃና የሚታቀፍ አሻንጉሊት ነው የሚያስፈልገው። አካሉ ላይ ጉዳት የደረሰበት፣ የተደበደበ ልጅ ብዙ ጊዜ በእጁ የሚጨብጠው፣ የሚደበድበው፣ የሚያቅፈው ነገር ይፈልጋል፤ ስክሪን ያን አይሰጥም። ጌሙን መደበቂያ የሚያደርግ ልጅም አለ፦ ጨዋታው ውስጥ ጠልቆ ባለሙያው መኖሩን ይረሳል። ያን ጊዜ መሣሪያው መለወጥ አለበት። ቴራፒስቷ በየሳምንቱ ከማይንክራፍት ሌላ ምንም ካላቀረበች፣ ክፍሉ ውስጥ ሥዕል፣ ሸክላ፣ አሻንጉሊት ከሌለ፣ ጠይቁ።

ወደ ቤትዎ እንግባ።

ታብሌቱን ጨርሶ አይከልክሉት፤ ልቅም አያድርጉት። በመጀመሪያ ፍርሃትዎን ላቅልልዎ፦ ጌም ሲዘጋበት መጮኹ ብቻውን ሱስ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ባለው የበሽታዎች መዝገብ የጌም ሱስን አስገብቷል። መመዘኛው ግን ጥብቅ ነው፦ ልጁ ራሱን መቆጣጠር ሲያቅተው፣ ጌሙ ከምግብ፣ ከእንቅልፍ፣ ከትምህርትና ከሰው ሁሉ ሲቀድምበት፣ እየጎዳውም ሲቀጥል፣ ይህም ብዙ ጊዜ ለ12 ወራት ያህል ሲቆይ ነው። የልጅዎ ጩኸት ከዚህ ይልቅ ቀኑን ሙሉ አፉን ዘግቶ የዋለ ልጅ ማታ የሚያወጣው ጩኸት ይመስለኛል። ትምህርት ቤት እርሱ የሚወስነው አንድም ነገር የለም። ወደዚህ አገር መምጣቱንም እርሱ አልወሰነም። ብሎኩን ግን የሚያስቀምጠው እርሱ ነው።

ስለዚህ ሰዓቱ የታወቀ ይሁን፣ በየቀኑም አንድ ዓይነት ይሁን። እርስዎ ሲደክሙ የሚረዝም፣ ሲናደዱ የሚያጥር ሰዓት ልጁን ለጭቅጭቅ ያሠለጥነዋል። ከመተኛቱ አንድ ሰዓት በፊት ታብሌቱ ከመኝታ ክፍሉ ይውጣ፤ ሌሊትም ሳሎን ይደር። አሥርና አምስት ደቂቃ ሲቀረው ትከሻውን ነካ አድርገው ይንገሩት፤ ከኩሽና አይጩኹ። ሲነግሩት ስክሪኑን አይተው ይሁን፦ «ጣሪያውን ልትጨርስ ነው፤ እርሱን ጨርስና እንዘጋለን።» ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር የሚያነጋግሩ የኢንተርኔት ሰርቨሮችን ይዝጉ፤ ማይንክራፍትን ብቻውን ወይም ከምታውቋቸው ልጆች ጋር መጫወት ይቻላል። እግረ መንገዴን አባቶችን አንድ ነገር ልለምን፦ በሽፋናቸው ላይ ከ17 ዓመት በላይ ተብሎ የተጻፈባቸውን የተኩስና የወንጀል ጌሞች ልጆች ባሉበት አትጫወቱ። የደረጃ ምልክቱ ለጌጥ አልተለጠፈም።

ሁለት ነገር ደግሞ ፈጽሞ አያድርጉ። ሕክምናውን መቅጫ አያድርጉት፤ «ካላጠናህ ወደ እርሷ አልወስድህም» ማለት ለልጁ መድኃኒት መንሣት ነው። ሁለተኛ፣ ከክፍሉ ሲወጣ መኪና ውስጥ «ምን አደረጋችሁ? ተናገርክ?» ብለው አይመርምሩት። «እንኳን ደህና ወጣህ፤ ርቦሃል?» ይበቃል።

አስታውሱልኝ ያልኩት እዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በርናርድና ሉዊዝ ገርኒ የተባሉ ባልና ሚስት ባለሙያዎች ወላጆችን ራሳቸውን በልጆቻቸው ላይ ይህን አቀራረብ እንዲጠቀሙ ማሠልጠን ጀመሩ። ዛሬም በጣም ከምናምንባቸው ዘዴዎች አንዱ ነው። እርስዎ በሳምንት አንድ ቀን፣ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት፣ ለሠላሳ ደቂቃ ከልጅዎ ጋር ይቀመጡ። ስልክዎን ሌላ ክፍል ይተዉት። «የሠራኸውን አሳየኝ» ይበሉትና ዝም ብለው ይከተሉት። ያዩትን በአማርኛ ይናገሩ፦ «ዛሬ በጎች አመጣህ። አጥርም ሠራህላቸው።» አያርሙት፣ አያስተምሩት፣ ስለ ትምህርት ቤት አይጠይቁት። መጫወት ባይችሉ ግድ የለም፤ ገደል ውስጥ ቢወድቁ ይስቅብዎታል፣ ይርዳዎት። አባቱም ተራ ይውሰዱ። ያላሳደጉትን ልጅ ከሰባት ዓመቱ በኋላ ማወቅ የሚጀመረው በእንዲህ ያለው ጊዜ ነው እንጂ በምክር ብዛት አይደለም። እናትዎን ከእርስዎ አስበልጦ ሲያነሣ ቢሰሙም አይክፋዎት፤ ጎጆ ሠርቶ «ይህ የእማማ ነው» ቢልዎት «ጥሩ ቤት ሠራህላት» ይበሉት። በቪዲዮ ስልክ ለእርሷም እንዲያሳያት ይፍቀዱለት።

ቴራፒስቷን ለብቻዋ ለማነጋገር ቀጠሮ ይያዙ፤ የወላጅ ስብሰባ የሕክምናው አካል ነው። ከባለቤትዎ ጋር ይሂዱና እነዚህን ይጠይቋት፦ ለልጃችን ያወጣሽው ግብ ምንድን ነው? ጌሙ ወደዚያ ግብ እንዴት ያደርሰዋል? የሚለወጥ ነገር ካለ በምን እናውቃለን፣ መቼስ እንገመግማለን? የሚጫወተው በማን አካውንት ነው፣ ሌላ ሰው ሊገባበት ይችላል? የስቴቱ የሙያ ፈቃድሽ የትኛው ነው፣ በጨዋታ ሕክምናስ ተመዝግበሻል? የሙያ ፈቃዱን በስቴቱ የፈቃድ ሰጪ ቦርድ ድረ ገጽ ላይ ራሳችሁ ማየት ትችላላችሁ። በጨዋታ ሕክምና የተመዘገቡትን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1982 የተቋቋመው የአሜሪካ የጨዋታ ሕክምና ማኅበር ያውቃቸዋል። ግልጽ ግብና የመገምገሚያ ጊዜ ከነገረቻችሁ ጥሩ እጅ ላይ ናችሁ። «ይጫወት፣ ጊዜ ይስጡት» ብቻ ካለች፣ በትሕትና ሌላ ባለሙያ የመፈለግ መብት አላችሁ።

እንግሊዝኛው የሚከብዳችሁ ከሆነ ቀጠሮውን ስትይዙ የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ የጤና ተቋማት አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፤ በዋሽንግተን አካባቢ የአማርኛ አስተርጓሚ ማግኘት አይከብድም። ልጁን ግን አስተርጓሚ አታድርጉት። ስለ ራሱ ችግር ወላጆቹ የሚናገሩትን እየሰማ ለቴራፒስቷ እንዲተረጉም መጠየቅ የለበትም።